የዒድ ጾመኞች

በጃቫ ደሴት፣ በሱምበርዋንጊ መንደር ያኔ ስልሳ ሦስት የቶፉ ቤት ነበር። ቶፉ የአኩሪ አተር አይብ ነው። አተሩ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ ይፈላል፣ በጨርቅ ይጠለላል፤ ኮምጣጤ ጠብ ሲልበት ይረጋል። የረጋው ገበያ ይወጣል፤ የሚተርፈው ቢጫ አጓት ይደፋል። እኔ የዚያ የሚደፋው አጓት መሐንዲስ ነበርኩ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስሜ ካንቲ ነው፤ እዚያ ግን ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ቶፉ ሠሪዎቹ ድረስ «ምባክ ኢንጂነር» ነበር የሚሉኝ፤ እህት ኢንጂነር እንደማለት፣ ግማሹ አክብሮት ግማሹ ፌዝ። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያችን ከመንደሩ በታች፣ ከሩዝ ማሳው ጫፍ ላይ ነበር። ከየቤቱ የሚወርደው አጓት በአንድ ቦይ ተሰብስቦ ይመጣል፤ መጀመሪያ ያርፋል፣ ከዚያ አየር ወደሚነፋበት ትልቅ ገንዳ ይገባል። ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። ሠራተኞቹ ግን እኛ አይደለንም፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ተሰባስበው ቡናማ ጥጥ ይመስላሉ። አጓቱን ይበላሉ፣ ጠግበው ወደ ታች ሲዘቅጡ ከላያቸው ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል፤ እሱን ወደ ወንዙ እንለቀዋለን።

በወረቀት ላይ ስማቸው «ዝቃጭ» ነው። ፓክ ታርሶ ግን «ልጆቹ» ይሏቸው ነበር። በእኛ ዘንድ ትልቅ ወንድ «ፓክ»፣ ትልቅ ሴት «ቡ» ተብለው ነው የሚጠሩት። ፓክ ታርሶ ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሱ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ቶፉ ሲያፈሉ ኖረው ክንዳቸው ላይ የእንፋሎት ጠባሳ ቀርቷል። ጠዋት ስገባ ገንዳው ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። «ምባክ፣ ልጆቹ ዛሬ ሆዳቸው ተነፍቷል» ይሉኛል። ሄጄ ሳይ አረፋ ሞልቷል። አንድም ቀን ተሳስተው አላውቅም።

ችግራችን ዒድ ነበር። ዒድ ሲደርስ የቶፉ ቤቶቹ ሠራተኞች ወደየአገራቸው ይገባሉ፣ ባለቤቶቹም ዘመድ ጥየቃ ይወጣሉ፤ ከዐሥር ቀን በላይ ስልሳ ሦስቱም ምድጃ ይጠፋል። አጓት አይወርድም። እኛ ወር ሙሉ ጾመን ስንፈታ ልጆቹ ጾም ይገባሉ። ከእኔ በፊት የነበረው መሐንዲስ ዒድን ቤተሰቦቹ ዘንድ አክብሮ ሲመለስ የጠበቀው ጥቁር ውሃ ነበር። የሞተውን እንደገና ለማራባት አምስት ወር ፈጀበት። በዚያ አምስት ወር ወንዙ ሸተተ፣ ሩዝ ገበሬዎቹ ተቆጡ፣ ሰውየውም ሥራውን ለቆ ሄደ። የተረከብኳቸው ገና አቅመ ቢስ ሆነው ነው። ስድስት ወር እየለካሁ፣ እያሸተትኩ፣ እየመገብኩ አሳደግኋቸው። እና ያን ዓመት አገሬ አልገባም አልኩ።

በጃቫ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዒድ ጠዋት ልጅ በእናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ የዓመቱን በደል ይቅር በሉኝ ይላል። በሌላ ቀን ቢሆን አይተካም።

እናቴ ሳሪየም የምትኖረው ከዎኖሶቦ ከተማ በላይ፣ ጉም በማይለየው ተራራማ መንደር ነው። ያስተማረችኝ ተምፔ እየሠራች ነው። ተምፔም ከአኩሪ አተር ነው የሚወጣው፤ ግን አይረጋም፤ ተቀቅሎ እርሾ ይነሰነስበትና በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ቀን ነጭ ሻጋታ አተሩን አያይዞ እንደ ኬክ ያደርገዋል። አባቴ ከሞተ በኋላ እሷ ናት ያን ሁሉ ቅጠል ስትጠቀልል የኖረችው።

በመንደሩ ስልክ ያላት ባለሱቋ ዩ ፓርቲ ብቻ ነበረች። ስደውል እናቴ ተጠርታ ትመጣለች፤ ከእሷ ጋር ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። ሥራ ያገኘሁ ዕለት «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ስትለኝ «ውሃ እናጠራለን እማዬ» አልኳት። ከስልኩ ዞር ብላ «የመጠጥ ውሃ!» ብላ ለሱቁ ስትናገር ሰማሁ። አንድ ሰው አጨበጨበ። ያኔ ማረም ነበረብኝ። አላረምኩም። እናቴ ለፍታ ያስተማረቻት ልጅ የፍሳሽ ገንዳ ላይ ቆማለች ብዬ በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት መናገር አቃተኝ። በሚቀጥለው ወር የመንደሩ ሹም ቧንቧ ታስገባልን እንደሆነ ጠይቂልኝ ብለዋት ነበር። ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ።

ዒድ ሳምንት ሲቀረው ደወልኩ።

«ዘንድሮ አልመጣም እማዬ። ተረኛ ነኝ።»

«በዒድ?»

«ሰው በዒድም ውሃ ይጠጣል።»

 የዩ ፓርቲ ሬዲዮ ይሰማኛል።

«እሺ» አለች። እናቴ ብዙ ዓይነት እሺ ነበራት። ይህኛውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

በረመዳን ሃያ አራተኛው ቀን ምድጃዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ያን ዝምታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ወትሮ ከንጋት ጀምሮ ወፍጮው ያጉረመርማል፣ የሩዝ ገለባ ጢስ ከየጣሪያው ይወጣል፣ የተቀቀለ አተር ሽታ እስከ እኛ ይወርዳል። አሁን የዶሮ ድምፅና ዝናብ ብቻ ቀረ። እኔና ፓክ ታርሶ ሞላሰስ፣ የስኳር ፋብሪካ ጥቁር ተረፈ ምርት፣ በጀሪካን እየተሸከምን ገንዳው ውስጥ መጨመር ጀመርን። ከሞላሰሱ ጋር ዩሪያ ማዳበሪያም አዝዤ ነበር፤ ሻጩ ግን ሳይልክልኝ መጋዘኑን ቆልፎ አገሩ ገብቶ ኖሯል።

የልጆቹን ጤና የምናውቅበት ቀላል ዘዴ አለን። ከገንዳው አንድ ሊትር ይቀዳል፣ ረጅም የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ይቀመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ጤነኛ ሲሆኑ እስከ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር መስመር ድረስ ይወርዳሉ። በሁለተኛው ቀን ስድስት መቶ ላይ ቆሙ። በአራተኛው ቀን ዘጠኝ መቶ ላይ። ውሃው እንደ ተልባ ተዝለገለገ። ሞላሰስ ጨመርኩ፤ ባሰ። ፈርቼ ስለነበር አየሩንም ቀን ከሌሊት ሙሉ ለሙሉ ለቅቄው ነበር።

በዒድ ዋዜማ ረፋድ ላይ ካፊያ እየጣለ ነው። ገንዳው ላይ ባለው መተላለፊያ ጀሪካን ይዤ፣ እስከ ክርኔ ድረስ ቡናማ ሆኜ ቆሜያለሁ።

«ምባክ» አሉ ፓክ ታርሶ ከበሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እንግዳ አለብሽ።»

እናቴ ነበረች። በሲባጎ የታሰረ ካርቶን በአንድ እጇ፣ ነጠላ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካው በሌላው ይዛለች፤ ጀርባዋ ላይ በጨርቅ ቅርጫት አዝላለች። ሞተረኛው አድርሷት ዞሮ እየሄደ ነው። በዒድ አረጋውያን ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ ወደ እነሱ የሚሄደው ሌላው ሰው ነው። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ በዒድ ዋዜማ ከደጇ ወጥታ አታውቅም።

ገንዳውን አየች። አረፋውን አየች። እኔን አየች።

«ንዱክ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው፤ «ከተማው የሚጠጣው ይሄንን ነው?»

 ፓክ ታርሶ ሊያድኑኝ ዘለው ገቡ።

«የለም ቡ ሳሪየም፣ ይሄ እንኳ ጓሮው ነው።»

«ቢሮውስ የት ነው?»

ፓክ ታርሶ ዙሪያቸውን ቃኙ። ያለው የጥበቃ ቤት፣ የማሽን ቤትና ሽንት ቤት ነው። «ቢሮው... ለዒድ ተዘግቷል» አሉ።

«እንግዲህ ልጄ ጓሮውን ነዋ የምትጠብቀው» አለችና ካርቶኑን ደረቅ ቦታ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ መተላለፊያው ወጣችና አጠገቤ ቆመች። «ምንድን ናቸው?»

ነገርኳት። ሌላ ምን አደርጋለሁ። አጓቱን፣ ልጆቹን፣ ምድጃው ሲጠፋ የሚሆነውን፣ ያለፈው መሐንዲስ የደረሰበትን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ሕይወት አላቸው?»

«አላቸው።»

«ተርበዋል?»

«ተርበዋል።»

«ታዲያ የምትሰጫቸው ምንድን ነው?»

«ሞላሰስ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ልጅ በስኳር ብቻ ያድጋል? ወትሮ የሚበሉት ምንድን ነው?»

«የአኩሪ አተር አጓት።»

«አኩሪ አተር ከጃቫ ጠፋ?»

አተር ፈጭቶ መድፋትን እኔም አስቤው ነበር። ይህን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «በዒድ ዋዜማ የሰው ምግብ ፍሳሽ ውስጥ? አንቺ ልጅ፣ ነገ በምን ዓይንሽ ነው ይቅርታ የምትጠይቂው? እንሥራው እንጂ። አይቡን ሰው ይበላዋል፣ አጓቱን እነሱ ይጠጡታል።»

ፓክ ታርሶ ወደ ቡ ንጋቲናህ ወሰዱን። ቡ ንጋቲናህ ከጣቢያው በላይ ያለው የመጀመሪያው ቶፉ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ ምላሳቸው ቃሪያ። በዒድ የትም አይሄዱም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሩዝ የሚቀቀልበትን የኮኮናት ቅጠል ሲጎነጉኑ አገኘናቸው።

«ዛሬ ቶፉ? ሰው ሁሉ ለነገ ዶሮ ያርዳል፣ እናንተ ምድጃ ለኩሺ ትሉኛላችሁ? ለማን ነው?»

ፓክ ታርሶ አስረዱ።

«ለማይታዩት» አሉ ቡ ንጋቲናህ። «ባሌም ከተቀበረ ጀምሮ አይታየኝም። ለእሱ እንኳ በዒድ ቶፉ አልሠራሁለትም።»

«የእኔም አይታይም» አለች እናቴ። «ሲታይም ምግብ ካልቀረበለት በቀር ቤት አይገኝም ነበር።»

ሁለቱ መበለቶች ተያዩ። ቡ ንጋቲናህ ቅጠሉን አስቀምጠው የጓዳቸውን ቁልፍ ፈለጉ።

አተሩ ተዘፈዘፈ። እስኪርስ ድረስ እኔ ወደ ማሽኑ ቤት ተመለስኩ። እናቴ «ተርበዋል?» ስትለኝ የራሴ መልስ ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር። ምግብ ሳይኖር አየር ስንለቅባቸው የገዛ ገላቸውን ያነዳሉ፤ የተራበን ሰው ማስሮጥ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ፍርሃት ነው ያስረሳኝ። በካርቶኑ ክዳን ላይ ሒሳቡን ሠራሁና አየር የሚነፋውን ማሽን ወደ ሩብ አወረድኩት፤ ሰዓት እየለየሁም አስተኛው ጀመርኩ። ሞላሰሱን አቆምኩ። ገንዳው ፀጥ ሲል ፓክ ታርሶ «ሞቱ እንዴ?» አሉ። «ይተኙ» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ከቡ ንጋቲናህ ጣሪያ ጢስ ወጣ፤ በመንደሩ ያለው ብቸኛ ጢስ። እናቴ ቶፉ ሠርታ አታውቅም፤ አተር ግን ታውቃለች። ሁለቱ ስለ ኮምጣጤው ልክ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ጨርቁ ያልተጨቃጨቁበት አልነበረም። «ተራራ ላይ እንዲህ ነው የምታማስሉት?» «ሜዳ ላይ እንዲህ ነው የምታባክኑት?» አምስተኛው ጋን ሲረጋ አጓቱ ቦዩን ይዞ ወረደ። ሮጬ ቀድሜው ደረስኩ። ሲመጣ እንፋሎት ነበረው፤ እጄን ስሰድበት ሞቀኝ። የማፍጠሪያው ከበሮ ሲመታ እዚያው ምድጃው ዳር ተቀምጠን በሻይና በትኩስ ቶፉ፣ በተፈጨ ቃሪያ ላይ እያጠቀስን አፈጠርን። የተክቢራው፣ የዒዱ ውዳሴ፣ ድምፅ ከመስጊዱ መውጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥሩ ምግብ በልቻለሁ፤ ያንን የሚያህል ግን የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጣላን። እናቴ ገንዳውን እናልብሰው አለች። ተምፔ ካልለበሰ አይነሣም፤ እነዚህም ብርድ ላይ ናቸው። አየር ይፈልጋሉ ብላት «ተምፔስ አየር አይፈልግም? ለዚያ እኮ ነው ቅጠሉ የሚበሳው» ብላ ሸራ ልታስፈልግ ተነሣች። እምቢ አልኳት። እስክንተኛ አኮረፈችኝ።

በማግስቱ ከዒድ ሶላት ስንመለስ የጥበቃው ቤት ውስጥ ያለችውን የፕላስቲክ ወንበር ጠርጌ አስቀመጥኩላት። ነጭ የሶላት ልብሷን እንደለበሰች ተቀመጠች። ቦት ጫማዬን አውልቄ ተንበረከክኩ፣ ግንባሬን ጉልበቷ ላይ አደረግኩ። በዚያ ሰዓት እናትን አንቺ አይሏትም።

«እማማ፣ እያወቅኩም ሳላውቅም የበደልኩዎትን ሁሉ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ እንደ ወጉ። ከዚያ በወጉ ውስጥ የሌለውን ጨመርኩ። «ዋሽቼዎታለሁ። የመጠጥ ውሃ አይደለም። መጀመሪያም አልነበረም።»

እጇ ራሴ ላይ አረፈ።

«የምትመጪ ጊዜ ልብስሽን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ንዱክ» አለች። «የመጠጥ ውሃ እንዲህ አይሸትም።»

ቀና አልኩ። «ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ሻንጣ ጀምሮ።»

«ታዲያ የትናንትናው... ከተማው የሚጠጣው ይሄንን ነው ያሉት?»

«ፊትሽን ላየው ፈልጌ ነው» አለችና ሳቀች፤ ሳቋን አቋርጣ እንባዋን በሶላት ልብሷ ጠረገች። «አንድ ቀን ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። በዚያ ላይ በዒድም አልመጣም ስትዪ፣ ለእኔ እንኳ ተብሎ የማይተዉት ምን ቢሆን ነው ብዬ ላየው መጣሁ። እኔም ይቅር በዪኝ። ዩ ፓርቲ ሱቅ ውስጥ እያወቅኩ ስዋሽ ከርሜያለሁ።»

ካርቶኑን ፈታነው። በኮኮናት ወተት የተሠራ ዶሮ ነበረበት። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እዚያው በላን።

በዒዱ ቀናት ቡ ንጋቲናህና እናቴ በየቀኑ ሦስት ጋን፣ አራት ጋን ሠሩ። ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ትኩስ ቶፉ እየተሰጠው ይመለሳል። ሰው ሳቀብን። «ዘንድሮ ኢንጂነሯ ፍሳሹን ጾም ታስፈታለች» እያሉ ሊያዩ የሚመጡም ነበሩ። በሲሊንደሩ ውስጥ ግን ዘጠኝ መቶ የነበረው ስምንት መቶ ሃያ ሆነ፣ ከዚያ ሰባት መቶ። በአምስተኛው ቀን አምስት መቶ ላይ ሲደርስ ፓክ ታርሶ ሲሊንደሩን ይዘው ሴቶቹ ዘንድ ድረስ ወሰዱት።

የዚያን ዕለት እናቴን ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኳት። ልጆቹ ደህና ሲሆኑ በመሃላቸው ደወል የሚመስሉ ተሕዋስያን ይታያሉ፤ በቀጭን ዘንግ ላይ ተተክለው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ትንሽ ነገር ሲነካቸው ዘንጉ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ይሰበሰባል። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ከልላ ረጅም ጊዜ አየች።

«ዓይናፋሮች ናቸው» አለች።

ዓይኗን መልሳ ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገች። ተራ ለመጠበቅ የቆሙት ቡ ንጋቲናህ ሦስት ጊዜ ጎሸሟት።

ምድጃዎቹ የሚለኮሱበት ቀን ሲደርስ አዲስ ስጋት መጣ፤ ስልሳ ሦስቱም ባንድ ቀን ከጀመሩ በተዳከመ ሆድ ላይ የሰርግ ድግስ ማፍሰስ ነው። በየቤቱ እየዞርኩ በተራ ጀምሩ ብዬ ለመንኩ። ማን ይሰማኛል፤ ሁሉም ገበያው አምልጦኛል ይላል። ሁለቱ መበለቶች ከኋላዬ ሄዱ። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ቀን ግን ዐሥር ቤት ብቻ ለኮሰ፣ በማግስቱ ዐሥራ አምስት። ልጆቹ ተረፉ። ወንዙ በዚያ ዓመት አልሸተተም።

እናቴ ዒድ በዋለ በሰባተኛው ቀን ሄደች። ካርቶኗ ሲመጣ ከነበረው ይከብድ ነበር።

ሳምንት ቆይቼ ስደውል ስልኩን ያነሣችው ዩ ፓርቲ ናት። «ኧረ ካንቲ፣ ለካ ከብት ነው የምታረቢው!» አለችኝ። እናቴ ለሴቶቹ ማኅበር እንዲህ ብላ አውርታለች፦ ልጄ በዓይን የማይታይ ከብት ታረባለች፤ ብዛቱ ስፍር የለውም፤ በዚህ መንደር የእሷን ያህል መንጋ ያለው የለም፤ በዒድ ጥላቸው ያልመጣችውም ለዚያ ነው።

ሱምበርዋንጊ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ዒድ በኋላ ቶፉ ሠሪዎቹ ራሳቸው ተራ አወጡ፤ በየዓመቱ አራት ቤት በዒድ ሰሞን ምድጃ አያጠፋም። እኔ ከሄድኩ በኋላም ብዙ ዓመት እንደቀጠለ ሰምቻለሁ። አሁን የቀሩት ቶፉ ቤቶች ሃያ አይሞሉም፤ ጣቢያው የሚቀበለውም በአብዛኛው የልብስ እጥበት ውሃ ነው አሉ። እኔ ሴማራንግ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ባለ ትልቅ ጣቢያ ነኝ። አየሩን የሚለካውም የሚቀንሰውም ኮምፒውተር ነው፤ ወጣቶቹ መሐንዲሶች ገንዳውን ሳያዩት የሚውሉበት ቀን አለ። ጎበዞች ናቸው። ሆዳቸው ተነፍቷል የሚል ሰው ግን የለንም። ጠዋት ስገባ ከልማዴ አየሩን አሸታለሁ፤ የተቀቀለ አተር ሽታ እፈልግና የማገኘው የባሕር ጨው ነው።

እናቴ የሞተች ጊዜ፣ ከዚያ ዒድ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ተሰልፎ ይገባ ነበር። የመንደሩ ሹም አርጅተው በምርኩዝ ነው የመጡት። አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ከብቶቹ ደህና ናቸው?» አሉኝ፣ ከልባቸው።

«ደህና ናቸው» አልኳቸው። ሌላ እንግዳ ደጃፉ ላይ ጫማውን እያወለቀ ስለነበር ሻይ ልቀዳ ተነሣሁ።